ከግብረ ገብ እስከ ዜግነት ትምህርት፦ የተማሪው ጥያቄ በትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ

መግቢያ

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ «ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት» የተባለውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዳበቃ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ቲቸር፣ የክፍላችንን አለቃ ማን መረጠው?» አለች።

የክፍሉን አለቃ የመረጠው መምህሩ ራሱ ነበር። ልጁ ቁመቱ ረዘም፣ ድምፁም ጎላ ያለ በመሆኑ፣ ትምህርት በተጀመረበት ቀን ከመቀመጫው አስነሥቶ «አለቃ አንተ ነህ» ብሎት ነበር። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም «ይህ ከዛሬው ትምህርት ጋር አይገናኝም፤ ማስታወሻችሁን ጻፉ» ብሎ ነገሩን አለፈው። ተማሪዎቹም ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ የዴሞክራሲን መርሆች ዘርዝሩ ሲባሉ፣ ያችው ልጅ አንዱንም ሳታስቀር ዘርዝራ ሙሉ ነጥብ አገኘች። መምህሩ ሙሉ ነጥብ የሰጣት ለመልሷ ነው፤ ለጥያቄዋ ግን የሰጣት ነገር አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ በትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረው ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። እንደሚታወቀው፣ ዜጋን ለመቅረጽ የሚሰጠው ትምህርት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስሙም ይዘቱም ደጋግሞ ተለውጧል። ያልተለወጠው የአሰጣጡ መንገድ ነው፤ ይኸውም መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይደግማል። የጽሑፉ አቅራቢ እምነት፣ የዜግነት ትምህርታችን ድካም ከምንም በላይ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው የሚል ነው።

የቆየው ልማዳችን

ጥያቄ በአገራችን የትምህርት ልማድ ውስጥ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ለዓመታት የሰማውን መድገም ግዴታው ነው። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይለወጣል። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ አይመሰገንም፤ ራሱ የቆጠረውን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ እርማቱን መቀበል አለበት። በትርጓሜ ቤትም «አንድም» እየተባለ፣ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ጎን ለጎን ይቀርባል። አንዱ ፍች ሌላውን ሳያጠፋው አብሮ መቆም እንደሚችል ደቀ መዝሙሩ በዚያ ይማራል።

በዳኝነትም በኩል «በላ ልበልሃ» የሚባለው የሙግት ሥርዓት ነበር። ባለጉዳዮቹ በዳኛውና በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመው፣ እየተወራረዱ፣ በጥያቄና በመልስ ይፋለሙ ነበር። ጥፋት ተፈጽሞ ጥፋተኛው በተሰወረ ጊዜ ደግሞ፣ የአካባቢው ነዋሪ በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ነገሩን በጋራ ይመረምር ነበር። በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ጠሪው ምንም ቢሆን፣ ባለበት የሚቆም መሆኑ ሕግ ከጉልበት በላይ ነው የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ ታሪክን ማወቅ አይደለም። አፈርሳታ ሰውን ከእርሻው አስቀርቶ ያቆይ፣ የቀረውንም ያስቀጣ ነበር። በአደባባይ መጠየቅና መሟገት በአብዛኛው የአዋቂ ወንድ ድርሻ ነበር። ልጅ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ተብሎ ከሸንጎ ይርቅ ነበር። ጥያቄው የሚወጣበት ከፍታም የተወሰነ ነበር፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ወሰኑን በግልጽ አስቀምጦታል። እንግዲህ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሁለት ነገር ወርሶ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የመጠየቅ ጥበብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማን፣ እስከ የት ሊጠይቅ እንደሚችል የሚወስነው አጥር ነው። የወረሰውን ጥበብ በዜግነት ትምህርቱ ሳይጠቀምበት ቆየ፤ አጥሩን ግን ጠበቀው።

የግብረ ገብ ዘመን

በዳግማዊ ምኒልክ ስም ከተቋቋመው ትምህርት ቤት ቀጥሎ፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃነቷን ከተመለሰች በኋላም ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተስፋፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥራ በእጃቸው መያዛቸው ለጉዳዩ የሰጡትን ክብደት ያመለክታል። የመጻሕፍት፣ የመምህራንና የክፍሎች ቍጥር መጨመሩ በዘመኑ የተገኘ ታላቅ ፍሬ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ዜጋን የማነጹ ሥራ የተሰጠው በዋነኛነት ግብረ ገብ ለተባለው ትምህርት ነበር። ፈሪሀ እግዚአብሔር፣ ለንጉሠ ነገሥቱና ለአገር ታማኝነት፣ ለወላጅ መታዘዝ፣ እውነት መናገርና ንጽሕና የሚሰበኩበት ክፍለ ጊዜ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም ለማንኛውም ልጅ የሚመከሩ ናቸው። ችግሩ ከምክሩ ላይ አልነበረም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢቋቋምም፣ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱም ሥልጣን የማይደፈር ነበር። ስለዚህ ተማሪው ስለ ምርጫ ሲማር፣ ከምን መካከል እንደሚመረጥ መጠየቅ የሚችልበት በር አልነበረውም።

በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ ያጣ ጥያቄ ከመጽሐፉ ውጭ ቦታ ፈለገ። በክርክር ማኅበራት፣ በግጥም ውድድሮችና በተማሪዎች ጋዜጦች ላይ መታየት ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። ብዙዎቹ በዚያ ያስተማሩት በመጠኑ ነው፤ የተማሩት ግን ብዙ ነበር። የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው አይተው፣ መሬቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥሪ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰማ።

በ1966 ዓ.ም. የሆነውም ከዚህ የሚለይ አይደለም። «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናት በባለሙያዎች ሲዘጋጅ፣ የሚነካቸው መምህራንና ወላጆች በቂ ድርሻ አልነበራቸውም። የድሀው ልጅ ትምህርት በአራት ዓመት ሊገታ ነው የሚለው ሥጋት ሲነገር፣ መምህራን በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ። ጥናቱ ጠቃሚ ሐሳቦች አልጠፉበትም ነበር፤ ያልተጠየቀ ሰው ግን የቀረበለትን መልስ፣ መልካም እንኳ ቢሆን፣ በጥርጣሬ ያየዋል።

መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀበት ዘመን

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን ለብዙ ሕዝብ አዳርሷል። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ ለመጠየቅ አንድ እርምጃ የቀረበ ነውና፣ የእነዚህ ዘመቻዎች ዋጋ ቀላል አይደለም።

በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ የተለያዩ ወገኖች ስለ ዴሞክራሲያዊ መብት በብዕር ስም ይከራከሩ ነበር። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ሙግት መታየቱ ለአንባቢ እንግዳ ነገር ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ወደ መደማመጥ አላመራም። እያንዳንዱ ወገን መልሱን ቀድሞ ጨርሶ ስለመጣ፣ የሌላው ጥያቄ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጠላትነት ይቆጠር ጀመር። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የደረሰውን ደም መፋሰስ የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከሞቱት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ትምህርት የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር። የጽሑፉ አቅራቢም በዚያ ዘመን ተማሪ ስለነበረ፣ አምስቱን የኅብረተሰብ ዕድገት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው በቃሉ ይወጣ ነበር። ለምን አምስት እንደሆኑ የጠየቀ ተማሪ በክፍላችን አልነበረም። አለመጠየቃችን ከስንፍና አልመጣም፤ ከታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕጣ የተማርነው ጥንቃቄ ነው። ያ ጥንቃቄ ከእኛ ጋር አድጎ፣ እኛው መምህራን በሆንን ጊዜ አብሮን ክፍል ገባ። ያችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ጻፉ» ብሎ ያለፋት መምህር፣ ይህን ፍርሃት ሳያውቀው የወረሰ ሰው ነበር።

ከዚህ ዘመን የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ጥያቄን የሚከለክል ትምህርት ዜጋን አያፈራም የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ማስረጃ መፈለግን፣ ተቃራኒውን ወገን እስከ መጨረሻው መስማትንና «ተሳስቼ ይሆናል» ማለትን ያልለመደ ጠያቂ፣ ሥልጣን ቢያገኝ ጥያቄን ራሱ ሊከለክል ይችላል።

አሥራ አንዱ እሴቶች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲና በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለዜግነት ትምህርት አዲስ መሠረት ጣሉ። ቀጥሎም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በአሥራ አንድ እሴቶች ተዋቀረ። እነርሱም ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ሀገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት ናቸው።

በዚህ ዝርዝር ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ያስቸግራል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እንመልከት። ዕውቀትን መሻት፣ ማለትም መጠየቅና መመርመር፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ሆኖ ተቀመጠ። የዓመቱ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታለፈው የመጨረሻው ምዕራፍ መሆኑን መምህር ሁሉ ያውቃል። ከዚህም በላይ ዕውቀትን መሻት ለሌሎቹ አሥሩ የሚያገለግል መንገድ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ ሌሎቹ ተጠንቶ የሚፈተን አንድ ርእስ ሆነ።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለው፣ ነገሩን አባባሰው። ዓላማው በየገጠሩ ላለ ተማሪ እኩል ትምህርት ማድረስ ስለነበረ በጎ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነለት ደቂቃ ይተላለፍ ነበር። ተማሪው እጁን ቢያወጣ መስኮቱ አይቆምለትም፤ መምህሩም ሊያቆመው አይችልም ነበር። የንቁ ተሳትፎ ምዕራፍ ሳይቀር ዝም ተብሎ እየታየ አለፈ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው ሥርዓተ ትምህርት፣ በታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ የሚለው ስም ተመልሶ፣ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ የዜግነት ትምህርት የሚለው ስያሜ ተተክቷል። ስሙ ወደ ተነሣበት ሲመለስ፣ አሰጣጡም አብሮ ወደ ተነሣበት እንዳይመለስ መጠንቀቅ የእኛ የመምህራን ፈንታ ነው።

የሌላ አገር ምስክርነት

ጥያቄን መፍራት የእኛ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በመመርመር የማስተማር ዘዴ በእጅጉ በተነገረባት በአሜሪካም መንገዱ ቀና አልነበረም። ጆን ዲዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 በቺካጎ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1916 «ዴሞክራሲና ትምህርት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሐሳቡ ዴሞክራሲ የመንግሥት ዓይነት ብቻ ሳይሆን አብሮ የመኖር ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ልጆች ሊማሩት የሚችሉት በትምህርት ቤታቸው ሲኖሩት ነው የሚል ነበር።

ሐሮልድ ረግ የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን አሳብ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ አዋለው። ከ1929 ጀምሮ የታተሙት መጻሕፍቱ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና የመንግሥት ትምህርትን አንድ ላይ አዋሕደው፣ ለልጆች የዘመኑን እውነተኛ ችግሮች በጥያቄ መልክ ያቀርቡ ነበር፤ ሀብት እንዴት ይከፋፈላል፣ ማስታወቂያ ሁሉ እውነት ነው ወይ፣ እያሉ ይጠይቁ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ የማስታወቂያ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ባለቤቶችና የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተነሡበት፤ አገርን የሚያስጠላ ትምህርት ነው ተባለ። በአንዳንድ ከተሞች መጻሕፍቱ ከክፍል ተወገዱ፤ በአንድ የኦሃዮ ከተማ ተቃጠሉ። ረግ ራሱ በ1941 እንደተረከው፣ ከከሳሾቹ ብዙዎቹ መጽሐፉን እንዳላነበቡት በአደባባይ ያምኑ ነበር። በ1938 ወደ 289,000 የነበረው የዓመት ሽያጭ በ1944 ወደ 21,000 ወረደ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ፍርሃትን አይደለም። ረግ ለልጆች ጥያቄን አስተማረ፤ ወላጆችና ከተማው ግን ከጥያቄው ውጭ ቀርተው ነበር። ስለዚህ ወሬ ሲመጣ ሊከላከልለት የቆመ ጎረቤት አነሰው። ያልተጠየቀ ወላጅና ያልተጠየቀ መምህር በጥርጣሬ እንደሚያይ በ1966 ዓ.ም. በአገራችንም ታይቷል። በመመርመር የሚያስተምር መምህር በሩን ዘግቶ የሚያስተምር ከሆነ ብቻውን ይቀራል።

መመርመር በክፍል ውስጥ

በመመርመር ማስተማር ሲባል መምህሩ ሥራውን ለተማሪ ትቶ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ መልሱ በመጽሐፉ ጀርባ የማይገኝ እውነተኛ ጥያቄ ይመረጣል። ተማሪዎች ግምታቸውን ይናገራሉ፤ ግምቱም ይጻፋል። ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ያነባሉ፣ ያያሉ፣ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃሉ። የተገኘው ማስረጃ ከግምቱ ጋር ይነጻጸራል፤ የተቃራኒው ወገን አሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል ይነገራል። በመጨረሻ ክፍሉ አንድ ነገር ይወስናል፤ ውሳኔውም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመረመራል።

የጽሑፉ አቅራቢ ይህን የሞከረው ያች ልጅ ከጠየቀች ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ለአዲሶቹ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄውን ራሱ አቀረበላቸው፤ «የክፍል አለቃ ሥራው ምንድን ነው? ማንስ ይምረጠው?» ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው ወደ ሌሎች ክፍሎች ሄደው ጠየቁ፤ ወላጆቻቸውንም በዕድርና በቀበሌ ሰብሳቢ እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቁ። ይዘው የተመለሱት መምህሩ ያልጠበቀውን ነበር። የተማሪዎቹ ዋና ቅሬታ አለቃው አለመመረጡ ሳይሆን፣ መምህር በሌለበት ሰዓት የሚይዘው «የረባሾች ስም ዝርዝር» ነበር። ስሙ የተጻፈ ልጅ ምን እንዳደረገ ሳይጠየቅ ይቀጣል፤ ከአለቃው ጋር የተጣላም ሳይረብሽ ይጻፋል።

ከዚያም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት የተደነገገውን አነበቡ። ዓመቱን ሙሉ ቢሸመደድ ምንም ያልነበረው አንቀጽ በዚያ ቀን ትርጉም አገኘ። ክፍሉም ሁለት ደንብ አወጣ፤ ስሙ የሚጻፍ ልጅ አስቀድሞ ይነገረው፤ ዝርዝሩም ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት የተጻፈው ልጅ የሚለውን ይበል። በመጨረሻ ምርጫ ተደረገ። የተመረጠው መምህሩ ቀድሞ ሾሞት የነበረው ልጅ ነበር፤ ልጁ ያን ዓመት ክፍል ደግሞ ነበርና። መምህሩ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ደክመን ደክመን ወደ ነበርንበት ተመለስን ብሎ አሰበ። ዳሩ ግን አለቃው አንድ ሰው ቢሆንም፣ አለቅነቱ አንድ አልነበረም። አሁን ዝርዝሩን ይዞ ሲመጣ፣ ከጎኑ የሚጠይቀው ሰው ነበር።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይቻልም። ሥራው አራት ክፍለ ጊዜ ወስዶ፣ ዓመታዊው ዕቅድ ወደ ኋላ ቀረ፤ ርእሰ መምህሩም ጫጫታው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ውጤቱን ለወላጆች ስብሰባ ተማሪዎቹ ራሳቸው ባቀረቡ ጊዜ ግን፣ ከአባቶች አንዱ ተነሥተው የዕድራቸው ደንብ እንዲህ ያለ አንቀጽ እንደሌለው ተናገሩ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ የሚያስረዳው፣ ግብረ ገብ፣ የፖለቲካ ትምህርትና ሥነ ዜጋ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ይዘቶች ቢኖሯቸውም፣ ሦስቱም ዜጋን በመልስ ሊሠሩት መሞከራቸውን ነው። መልስ ደግሞ ከመንግሥት ጋር ይለወጣል። ጠይቆ፣ ማስረጃ ፈልጎ፣ የሌላውን ቃል ሰምቶ መወሰንን የለመደ ልጅ ግን መጽሐፉ ቢለወጥም የለመደው አይወሰድበትም።

አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ፖሊሲና ተጨማሪ ሥልጠና መጠየቅ ይገባናል። ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ እነዚህን ሁሉ አይጠብቅም። ነገ ጠዋት በክፍላችን አንድ እጅ ሲወጣ፣ «ጻፉ» ከማለት በፊት ዝም ብሎ መስማት ነው። ያች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ መምህሯ ጥያቄዋን በሰሌዳ ላይ በጻፈበት ዓመት፣ ወደ ስምንተኛ ክፍል አልፋ ነበር። ጥያቄዋ ለሌሎች ጠቀመ፤ ለእርሷ ግን መልስ ሳይሰጣት ቀረ። ባልደረቦቼ ከዚህ መምህር ይልቅ ፈጣኖች እንዲሆኑ የጽሑፉ አቅራቢ በአክብሮት ያሳስባል።